የተቆረጠው ህዳግ

ያለፈው ሳምንት ያመለጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ መጽሔቱን ጎረቤት ተውሶ አልመለሰላችሁም ይሆናል። ግድ የለም፣ ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁና አብረን እንቀጥል። እኔ ጠራዥ ነኝ። የተገነጠለ መጽሐፍ እሰፋለሁ፣ ሙጫ እቀባለሁ፣ ጠርዙን በመቁረጫ ማሽን አስተካክላለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ የምንሠራበት ቤት ከአንድ ትልቅ የግል ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ነው። የትምህርት ቤቱ ባለቤትም ዳይሬክተርም የሆነችው ሴትዮ አንድ ወንድ ልጅ አላት፣ የትምህርት ቤቱን ኮምፒዩተሮች የሚመራ። እሱን ወደድኩት። ይኸው ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሴትዮዋ "ጠራዥ" የሚለውን ቃል ከአፏ ስታወጣው ብትሰሟት ግን ጥርሷ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር የምታወጣ ነው የሚመስላችሁ።

የተዋወቅነው በጭቅጭቅ ነው። የተማሪ መጻሕፍት ሊያስጠርዝ መጥቶ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ስልኩን ያነባል። መደቡ ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ፣ እያንዳንዱ ፊደል ጥፍር የሚያክል።

"ምንድነው የምታነበው?" አልኩት።

"ልብ ወለድ።" ቀና እንኳ አላለም።

"የት ደረስክ?"

"ስልሳ ሁለት በመቶ።"

"ልብ ወለድ እያነበብክ ነው ወይስ ባትሪ እየሞላህ?"

ያኔ ቀና አለ። አየኝ፣ ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስም ማየቱን አልጨረሰም። እኔ ደግሞ የመጽሐፉን ጀርባ ትቼ የገዛ አውራ ጣቴን ሙጫ እየቀባሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን መምጣት ጀመረ። "የሚጠረዝ ሲያጣ ደህናውን መጽሐፍ ገንጥሎ ነው የሚያመጣው" እያለች ትስቅ ነበር እታለም። እታለም ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት የሠራች፣ መጻሕፍቱን የምትሰፋልን ሴት ናት፤ መርፌዋም ምላሷም አይዝግም። ስም ያወጣችለትም እሷ ናት። "ስክሪኑ መጣልሽ" ትለኛለች፤ እኔም ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ ፀጉሬን አስተካክላለሁ።

የማንበብ ነገራችን ሰማይና ምድር ነው። እሱ አምስት መጽሐፍ ባንዴ ይጀምራል፤ ሰልፍ ላይ ያነባል፣ ደረጃ ሲወጣ ያነባል፣ ምሳ እየበላ ያነባል፣ የጀመረውን ግን አይጨርስም። እኔ ወረቀት ካልነካሁ ያነበብኩ አይመስለኝም። ደግሞ የጠራዥ አመል አለብኝ። መጽሐፍ እኛ ጋ የሚመጣው ተበትኖ ነው፤ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ ሆኖ እየታጠፈ ነው የሚሰፋው፤ እኔም እጄ ላይ የገባውን ቁራሽ ቆሜ አነባለሁ። ስለዚህ የስንቱን መጽሐፍ መሐሉን አውቀዋለሁ። ልጅቷ እንዳለቀሰች አውቃለሁ፣ ለምን እንዳለቀሰች አላውቅም። "ታዲያ አንቺ ከኔ በምን ትሻያለሽ?" ሲለኝ ወደ ሙጫዬ ዞርኩ። እርሳስም ከጆሮዬ አይጠፋም፤ ከጽሑፉ ጎን ባለው ባዶ ቦታ፣ ህዳጉ ላይ፣ "ውሸታም!" "እሰይ!" "ተነሽና ሂጂ እንጂ አንቺ!" እያልኩ እጽፋለሁ። የሰው መጽሐፍ ከሆነ አባቴ ሳያይ በላጲስ አጠፋዋለሁ።

"ስክሪንህ ላይ እንዲህ መሳደብ ትችላለህ?"

"እችላለሁ። ቢጫ ቀለም እቀባዋለሁ።"

"ቢጫ ስድብ ነው?"

"በኔ ቤት ነው።"

አንድ ቀን ግን ሳይቀልድ ነገረኝ። ልጅ ሳለ እናቱ ልብ ወለድ ሲያነብ ካገኘችው መጽሐፉን ትነጥቀው ነበር። "የሰነፍ መዋያ ነው" ትለዋለች፤ የፍቅር ከሆነማ ሽፋኑን እንግዳ ፊት እያሳየች ታሳፍረዋለች። ስልክ ሲመጣ ተገላገለ።

"ስክሪን ሽፋን የለውም" አለኝ። "አጠገቧ ቁጭ ብዬ የፍቅር ታሪክ ሳነብ የመምህራን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የማነብ ይመስላታል። ሠላሳ ዓመቴ ነው፣ አሁንም እደበቃታለሁ።"

ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም። አንጀቴን በላው። ወድጄው እንደሆነ እስከዚያ ቀን እጠራጠር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መጠራጠሩን ተውኩት።

መደበቅ ሲበዛ ግን ይመራል። ሦስት ወር ሙሉ እናቱ ዘንድ እኔ "የጥራዝ ጉዳይ" ነበርኩ። ከሷ ጋር መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "እንደምን ዋልሽ" ብሎ ያልፈኛል። አንድ ቀን ደሜ ፈላ። ቀይ ሽፋን ያላት፣ ሁለት ከንፈር የተሳለባት፣ ስፌቷ የላላ የፍቅር ልብ ወለድ መርጬ ሰጠሁት። "ይህችን በወረቀት አንብበህ ጨርስ። ሽፋኗን በጋዜጣ እንዳትለብጣት" አልኩት። ውስጧ ደብዳቤ ከትቼ ነበር፦ "እናትህ ፊት ቆመህ 'እሷን ነው የምፈልገው' ትላለህ? ትል እንደሆነና አትል እንደሆነ ጻፍልኝ። ተደብቀህ እንድታነበኝ አልፈልግም።"

ይህን ሰጥቼው ስምንት ቀን ስጠብቅ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ከኔ ቀድማ ትነሳ ነበር።

*

በዘጠነኛው ቀን መጽሐፏ ተመለሰች። እኔ ክር ልገዛ ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ አባቴ ባንኮኒው ላይ አስቀምጧታል።

"ያ የማዶው ልጅ አመጣት" አለኝ። "'ለሷ ይስጡልኝ፣ ታየዋለች' ብሎ ሄደ።"

"ሌላ ምንም አላለም?"

"ምንም። ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ እኔ ሙቀቱ ነው ብዬ።"

መጽሐፏን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ሽፋኗን በሁለት እጄ ያዝኩና ገልብጬ አራገፍኳት። ምንም። ደግሜ አራገፍኳት። አንድ ብጣሽ ወረቀት አልወደቀም። የኔው ደብዳቤ እንኳ የለም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ፍረዱኝ። ጠራዥ ነኝ፤ መጽሐፍ ውስጥ የተቀመጠ ነገር የምንፈልገው በማራገፍ ነው። ስንቱ ሰው ፎቶ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የደረቀ አበባ ረስቶ ያመጣልናል፤ እናራግፋለን፣ ይወድቃል፣ እንመልሳለን። ካልወደቀ የለም። ስለዚህ የልጁ መልስ ዝም ነው ማለት ነው፤ ደብዳቤዬን አስቀርቶ መጽሐፌን መለሰልኝ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፤ ንዴት ከልቅሶ ይቀለኛል።

ከመቁረጫ ማሽኑ በላይ አባቴ ግድግዳው ላይ በትልቁ የጻፈው ሕግ አለ፦ "ሳትገልጥ አትቁረጥ።" እያንዳንዱን ገጽ ሳታይ ጠርዙን አትንካ ማለቱ ነው፤ ሰው ህዳጉ ላይ ምን እንደጻፈ አይታወቅምና። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ያንን ሕግ ጥሼ አላውቅም። ያን ቀን ጣስኩት። እታለም መጽሐፏን ሰፍታ ሰጠችኝ፤ ጠርዟ በጣም ስለተበላ አንድ ጣት ሙሉ ወደ ውስጥ አስገባሁና እጀታውን በሁለት እጄ ተጫንኩት። ቅርጥ! በሦስቱም ጎን። ቁርጥራጩን በእግሬ ወደ ጆንያው ገፋሁት። እልሄ ትንሽ በረደ፣ ሌላው ግን አልበረደልኝም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አልመጣም። ቁጥሩን ከስልኬ አጠፋሁት። አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ቆሞ በመስታወታችን ወደ ውስጥ ሲያይ አገኘሁት። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ዓይኑ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበር። እኔ ደግሞ "ደግሞ ምን ቀረህ?" በሚል ዓይን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ጀርባውን ሳይ ምን ያህል እንደጨነቀኝ ለማንም አልተናገርኩም፤ ዛሬ ለናንተ መናገሬ ነው።

*

ቅዳሜ ጠዋት እታለም ከማዶው ጥበቃ ወሬ ይዛ መጣች።

"ስክሪኑ ነገ ይሄዳል አሉ።"

"የት?"

"እናቱ ሩቅ ከተማ አዲስ ቅርንጫፍ ትከፍት የለ? ሦስት ዓመት እዚያ ሊቀመጥ። ራሱ ነው አሉ 'እኔ ልሂድልሽ' ያላት። ዛሬ ቀትር ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሽኝት ምሳ አለ።"

"መልካም መንገድ" አልኩ።

"ምላስሽ ነው ወይስ ልብሽ?"

"ሁለቱም።"

"ውሸታም" አለችኝ፣ ክሯን በጥርሷ በጥሳ።

እውነቷን ነው። እጄ መሥራት አቃተው። ቀይዋን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረድኳት፤ ለጥበቃው ልሰጥለት፣ "ለመንገድህ ትሁንህ" ልለው። በዚያውም እስቲ መጨረሻዋን ልየው ብዬ የኋላውን ገለጥኩ። መሐሏን እንጂ መጨረሻዋን አንብቤው አላውቅማ።

የመጨረሻው ገጽ ጫፍ ላይ የእርሳስ ጭረት አየሁ።

የኔ እርሳስ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር በቀጭኑ የተጻፈ ጽሑፍ ነበር፤ አናቱ ተቆርጦ የፊደሎቹ እግር ብቻ ቀርቷል። ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሌላ ገጽ ላይም አለ። ደግሞ ሌላ። መጽሐፏን አግድም አዙሮ፣ እየዘለለ፣ አንድ ገጽ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ኖሯል። ወረቀት ላይ መጻፍ የለመደ ሰው ቢሆን ገባ ብሎ ይጽፍ ነበር፤ እሱ ጫፍ ጫፉን ይዞት ሄዷል። ቆጠርኳቸው። አርባ አንድ።

ክው አልኩ። ከዚያ ጮኽኩ። አባቴ እጄን የቆረጥኩ መስሎት እየሮጠ መጣ።

"ምን ሆንሽ?"

"መልሱን! አባዬ፣ መልሱን ቆረጥኩት!"

እታለም መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ብላ አየችው። "ይሄን እኮ ስሰፋ አይቼዋለሁ!" አለች። "ያንቺ የተለመደ ስድብ መስሎኝ!"

"ቁርጥራጩስ? ጆንያው የት ነው?"

"ካርቶን ሠሪዎቹ ማክሰኞ ወሰዱት ልጄ" አለ አባቴ። "ይሄኔ ካርቶን ሆኗል።" ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አየ፣ እኔን አየ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ የሚለቀምም አላስቀረሁ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነገሩን ከመጀመሪያው አሰብኩት። እሱ ጽፎ ሦስት ሳምንት ጠበቀኝ። እኔ ዝም አልኩት። ያን ቀን በመስታወቱ ቁልቁል አየሁት። እሱም ዝምታዬን እምቢታ አድርጎት፣ "እኔ ልሂድልሽ" ብሎ እናቱን ለመናት። ያባረርኩት እኔው ነኝ።

"እምቢ ቢሆንስ የጻፈው?" አልኩ። "ግን ሰው እምቢ ለማለት አርባ አንድ መስመር ይጽፋል?"

"ጨዋ ከሆነ ይጽፋል" አለች እታለም፣ ጨክና።

አባቴ ክንዴን ይዞ አስነሳኝ። "እሺም ይሁን እምቢ፣ ሰው የጻፈውን ቆርጦ ዝም ማለት በኛ ሙያ ነውር ነው። ሄደሽ ቆረጥኩት በይው።"

ሽርጤን ለማውለቅ እንኳ አልቆምኩም። መጽሐፏን ደረቴ ላይ አጥብቄ መንገዱን ተሻገርኩ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላውቅ ከምኖር ዛሬ ሰምቼ ብሞት ይሻለኛል እያልኩ።

*

ቤተ መጻሕፍቱ ግማሹ መደርደሪያ ግማሹ ስክሪን ነው። መሐል ላይ ረጅም ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ መምህራኑና ዘመዶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። እሱ ከእናቱ በስተቀኝ ሙሉ ልብስ ለብሶ ነበር፤ ስልኩ ከሳህኑ ጎን ተደፍቷል። ምግብ ፊት ተቀምጦ ሳያነብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ከስቷል።

ቀድማ ያየችኝ ዳይሬክተሯ ናት። "ጥራዝ ለማስረከብ ከሆነ ሰኞ፣ ለጸሐፊዋ" አለች፣ ሹካዋን ሳታስቀምጥ።

"ጥራዝ አይደለም እትዬ። ጉዳዬ ከልጅዎ ጋር ነው።"

ሹካው ሁሉ ቆመ። እሱ ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ነጣ።

"መልስህን አላነበብኩትም" አልኩት። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። "አራገፍኩት፣ ምንም አልወደቀም። የተውከኝ መሰለኝ። ተናደድኩና ሳልገልጥ ቆረጥኩት፣ በገዛ እጄ። ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። የቀረው ይኸው ነው።" ገልጬ ከፍ አደረግሁለት። ቀዩ ሽፋን፣ ሁለቱ ከንፈሮች፣ ለቤቱ ሁሉ ታዩ። ጥግ የተቀመጠ አንድ መምህር ሳቁን በመሐረቡ አፈነ።

እሱ ቀስ ብሎ ተነሳ። "አላነበብሽውም?"

"አንድም ቃል።"

"እኔ እኮ አንብበሽ የጠላሽኝ መስሎኝ... ያን ቀን በመስታወቱ ስታዪኝ..."

"በዓይኔ ስድብ ነበር የላክሁልህ። የሚገባው ለኔው ነበር።"

"ታዲያ አሁን ምን ፈለግሽ?" አለች እናቱ።

"መልሱን ነዋ እትዬ።" ወደ እሱ ዞርኩ። "አንተ መቼም መጀመሪያ ስልክህ ላይ ሳትጽፍ እርሳስ አትጨብጥም። ረቂቁ አለህ አይደል? ስጠኝና እዚሁ ቆሜ አነበዋለሁ። እምቢ ከሆነም አንብቤ እሄዳለሁ።"

ስልኩን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው።

"ነበረ" አለ። "ወረቀቱ ላይ ከገለበጥኩት በኋላ አጠፋሁት። አንቺ ጋ ብቻ እንዲኖር ፈልጌ።"

እንዲህ ያለ ጉድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ከስክሪኑ አጠፋ፣ እኔ ከወረቀቱ ቆረጥኩ። መልሱ የቀረው እሱው ሆድ ውስጥ ብቻ ነበር። እሱን ለማውጣት ደግሞ እናቱ ፊት አፉን መክፈት አለበት፤ የኔ ደብዳቤም የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

"ተቀመጥ" አለችው እናቱ በዝግታ። "ምግቡ ይቀዘቅዛል።"

ሠላሳ ዓመት ተቀመጥ ሲባል የተቀመጠ ሰው ነው። ጉልበቱ ሊታጠፍ ሲል አየሁት። በሆዴ "አፈር ስሆን፣ እንዳትቀመጥ" አልኩ።

አልተቀመጠም።

"ገጽ ሦስት ላይ" አለ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "ገጽ ሦስት ላይ የጻፍኩት 'ደብዳቤሽን አልመልስልሽም፣ የኪሴ ነው' የሚል ነው። ገጽ ዘጠኝ ላይ ደግሞ፣ 'ዛሬ ይህችን መጽሐፍ ይዤ መምህራን ክፍል ገባሁ። ከንፈሮቹን ሁሉም አዩዋቸው። አልሞትኩም።'"

መምህራኑ ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ትከሻው ቀና አለ።

"ገጽ ስልሳ ላይ፣ 'እዚህ ጋ የሙጫ አሻራሽ አለ። አውራ ጣቴን ከላዩ አድርጌ ቁጭ አልኩ፤ ያን ቀን ሌላ ገጽ አላነበብኩም።' ገጽ ዘጠና ላይ፣ 'ስልኬ የቀረውን በቁጥር ነው የሚነግረኝ። ይህች ግን በቀኝ እጄ በኩል ስትሳሳ ተሰማኝ። መጽሐፍ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ስፈራ የመጀመሪያዬ ነው።'"

እንባዬ ሽርጤ ላይ ይወርድ ነበር። ልጠርገው አልሞከርኩም፤ እጄ መጽሐፏን ይዟል።

እናቱ ሹካዋን አስቀመጠች። "ይሄን ሁሉ አንተ ጻፍከው? አንድ ገጽ ድርሰት ጻፍ ሲባል ሆዱን የሚያመው ልጅ? ማን አስተማረህ?"

"የነጠቅሽኝ መጻሕፍት ናቸው እማዬ። ጀምሬያቸው ነበር እኮ። አልጨረስኳቸውም እንጂ።"

የጀመረውን የማይጨርሰው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ሁልጊዜ አንድ እጅ መጥቶ የሚወስድበት ይመስለው ነበር። እናቱንም አየኋት። ፊቷ ላይ ቁጣ ስፈልግ ሌላ ነገር አገኘሁ።

"ስንት ነበሩ?" አለች።

"አላስታውስም" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "አሥራ አራት።"

"አሥራ አራቱም ቁም ሳጥኔ ውስጥ አሉ።" የጠረጴዛውን ጨርቅ በእጇ አስተካከለች፣ የተጨማደደ ነገር ሳይኖረው። "አንዳንዱ ክፉ አይደለም።"

ወይ ጉድ! ዳይሬክተሯ! ማንም ለመሳቅ አልደፈረም፤ እኔም ከንፈሬን ነከስኩ። ልጇ ግን እናቱን አያት። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ወደ እኔ መጣና ከጎኔ ቆመ።

"መልሱ ገጽ መቶ አርባ ላይ ነው" አለ፣ አሁን ሳይንቀጠቀጥ። "'አንቺ እሺ ያልሽኝ ቀን እናቴ ፊት እቆማለሁ' ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቼ ነው የጻፍኩት። እሺታሽን መጠበቅ አልነበረብኝም፤ ያን ዕለት መንገዱን ተሻግሬ እናቴ ፊት መቆም ነበረብኝ። እማዬ፣ እሷን ነው የምፈልገው። ጠራዧን። ነገ አልሄድም። ቅርንጫፉን የምፈልገው መስሎሽ ከሆነ፣ የተመኘሁት ከዚህ መንገድ መሸሻ ነበር።"

እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሦስት ወር ሙሉ "እንደምን ዋልሽ" ብሎኝ ያለፈው ሰው ክንዱን ክንዴ ላይ አድርጎ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በቀትር! በሩ ላይ ደግሞ አባቴና እታለም ተደርበው ቆመዋል፤ መቼ እንደተከተሉኝ አላውቅም። አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። እታለም መነጽሯን እየጠረገች ነው።

ዳይሬክተሯ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ሽርጡን፣ ሙጫውን፣ ጥቁር ጥቁር ጥፍሬን።

"የሰው ልጅ የጻፈውን ሳታዪ ትቆርጫለሽ?" አለችኝ።

"አንድ ጊዜ ቆረጥኩ እትዬ። ሁለተኛ አይለምደኝም።"

"እኔ አሥራ አራት ጊዜ" አለች፣ ለራሷ ያህል። ከዚያ ድምጿን ወደ ቦታው መልሳ፣ "ወንበር አምጡላት። አባትየውም ይግቡ፣ በር ላይ ሰው አይቆምም። ገና ምንም አልፈቀድኩም፤ ቁጭ በሉ ነው ያልኩት።" ወደ ልጇ ዞረች። "የመጨረሻው ገጽ ላይስ ምን ብለህ ጻፍክ?"

ያኔ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"ምን ያስቃችኋል?" አለች ተቆጥታ። "የጀመረውን ይጨርስ እንጂ!"

ይህን ቃል ከእናቱ አፍ ሲሰማ ዓይኑ ሞላ። እንባው ሳይወርድ ወደ እኔ ዞረ። ከእጄ መጽሐፏን ተቀበለ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት፣ ባዶ የቀሩትን እጆቼን ያዛቸው።

"የመጨረሻው ገጽ ላይ መልስ አይደለም የጻፍኩት" አለኝ። "ጥያቄ ነው። 'ታገቢኛለሽ?'"

ያ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ሙሉ እኛ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ከራሴ በላይ፣ እግሩ ብቻ ቀርቶ ተቀምጦ ኖሯል። እኔ ያን ሁሉ ምላስ ያለኝ ሰው አንድ ቃል ጠፋኝ። አባቴን አየሁት፤ ራሱን ነቀነቀልኝ። እሱን አየሁት፤ ያን ቀን በመስታወቱ ያየኝ ዓይን ነው፣ እየጠበቀኝ።

"መልሺለት እንጂ!" አለች እናቱ ከወንበሯ ብድግ ብላ። "ሦስት ሳምንት ያስጠበቅሽው አይበቃም?"

"አዎ!" ብዬ ጮኽኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።